የማታውቁት ፕሮሰስ ማልዌር ነው ወይስ የዊንዶውስ? አጣርቶ ለመለየት

ኮምፒውተሩን ማንም ሳይነካው ፋኑ ይጮሃል፤ ታስክ ማናጀር ስትከፍቱ ደግሞ አይታችሁት የማታውቁት የፕሮሰስ (እየሠራ ያለ ፕሮግራም) ስም ከላይ ተቀምጧል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ከሁለት አንዱን ያደርጋል፦ ስሙን ጎግል ላይ ይፈልጋል፣ ወይም «ኢንድ ታስክ» ብሎ ይገድለዋል። ሁለቱም ሩቅ አያስኬዱም። ፍለጋው ብዙውን ጊዜ የሚጥላችሁ «ይህን ፋይል ለማጥፋት የኛን ፕሮግራም አውርዱ» የሚሉ ገጾች ላይ ነው። መግደሉ ደግሞ ማስረጃውን ያጠፋል፤ ፕሮሰሱ ግን ከሪስታርት በኋላ ተመልሶ ይመጣል።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የፕሮሰስን ስም ግን የሚያወጣው ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ነው፣ እሱም የፈለገውን ስም መስጠት ይችላል። ስለዚህ ስሙን ለጊዜው ተዉትና ሌላውን ጠይቁ፦ ፋይሉ የት ነው የተቀመጠው? ማን አስነሣው? በምን ትእዛዝ? ማን ፈረመበት (ሠሪው ማን እንደሆነ የሚያረጋግጥ ዲጂታል ፊርማ)? ኮምፒውተሩ በበራ ቁጥርስ ምን ይቀሰቅሰዋል? ከእነዚህ አንዱ ብቻውን አያስፈርድም። ሁለት ሦስቱ ሲገጣጠሙ ግን ጥርጣሬው ወደ እርግጠኝነት ይጠጋል። የሚከተለው ለዊንዶውስ 10 እና 11 ነው፤ ስለ ሊኑክስና ማክ መጨረሻ አካባቢ ጥቂት አለ።

ሳትነኩት መዝግቡት

ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ፤ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። «ዲቴይልስ» ወደሚለው ሂዱ። ከዝርዝሩ በላይ ያለውን የርእስ መስመር ራይት ክሊክ አድርጉና «ሴሌክት ኮለምንስ» በሉ። ከሚመጡት ውስጥ «ኢሜጅ ፓዝ ኔም»፣ «ኮማንድ ላይን» እና «ሲፒዩ ታይም» የሚሉትን ምረጡ። አሁን ከእያንዳንዱ ስም ጎን ፋይሉ ያለበት ቦታ፣ የተነሣበት ሙሉ ትእዛዝና እስካሁን የበላው የፕሮሰሰር ጊዜ ይታያል። የምትጠረጥሩትን መስመር ከነመለያ ቁጥሩ ስክሪንሾት አንሡ።

«ሲፒዩ ታይም»ን ብዙ ሰው አያየውም፤ ለእንዲህ ያለ ማጣራት ግን ከመቶኛው ይልቅ የሚያወራው እሱ ነው። በሰው ኮምፒውተር ክሪፕቶ የሚያወጡ ማይነሮች አንዳንዶቹ ታስክ ማናጀር ሲከፈት ወዲያው ሥራ ያቆማሉ፤ ፋኑ ይረጋጋል፣ መቶኛው ወደ ዜሮ ይወርዳል፣ እናንተም ምንም አልነበረም ትላላችሁ። አሁን ዝም ያለ ፕሮሰስ ግን ቀድሞ የበላውን ሰዓት አይደብቅም፤ ዜሮ በመቶ እያሳየ ስድስት ሰዓት የፕሮሰሰር ጊዜ የተመዘገበበት የማይታወቅ ስም ካገኛችሁ መነሻችሁ እሱ ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ዊንዶውስ ራሱ የጥገና ሥራውን የሚሠራው እናንተ ኮምፒውተሩን ስትተዉት ነው፤ ማውሱን ስትነኩ ያቆማል። ስለዚህ «ስነካው ዝም ይላል» ማለት ብቻውን ማይነር አያሰኝም። ለመለየት ታስክ ማናጀርን ክፍት አድርጋችሁ፣ ስክሪኑ እንዳይተኛ ከልክላችሁ፣ ለ20 ደቂቃ ያህል ራቁ። ስትመለሱ ጭነቱ ላይ ያለው «ታይወርከር» ከሆነ የዊንዶውስ አፕዴት ነው፤ «ኤምኤስኤምፒኢንጅ» ከሆነ የዊንዶውስ አንቲቫይረስ ዲፌንደር ራሱ እየፈተሸ ነው፤ «ሰርች ኢንዴክሰር» ከሆነ ፋይሎቻችሁን ለፍለጋ እያዘጋጀ ነው። ታስክ ማናጀር ክፍት እያለ ጸጥ ብሎ ቆይቶ ልክ ስትዘጉት ፋኑ እንደገና ከጮኸ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው።

ቦታ የማያሳዩ ጥቂት ስሞች አያስደንግጧችሁ። «ሲስተም» መለያ ቁጥሩ ሁልጊዜ 4 ነው፣ ፋይል አያሳይም። «ሬጂስትሪ» እና «ሜሞሪ ኮምፕረሽን»ም እንዲሁ ናቸው። «ሲስተም ኢንተራፕትስ» ደግሞ ከነጭራሹ ፕሮሰስ አይደለም፤ እሱ ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ ከቆየ ድራይቨር ወይም ሃርድዌር ፈትሹ እንጂ ቫይረስ አትፈልጉ።

የት ነው የተቀመጠው?

የሚያስመስሉ ማልዌሮች ብዙ ጊዜ የሚያዙት እዚህ ነው። በጣም የሚኮረጀው ስም ኤስቪሲሆስት ነው (ሰርቪሶችን፣ ማለትም ከጀርባ የሚሠሩ ፕሮግራሞችን፣ የሚያስተናግድ የዊንዶውስ ፕሮሰስ)፣ ምክንያቱም ደርዘን ደርዘን ሆኖ ስለሚታይ አንድ ቢጨመር ማንም አያስተውልም። መብዛቱ በራሱ ችግር የለውም፤ እ.ኤ.አ. ከ2017ቱ የዊንዶውስ 10 ዝማኔ ወዲህ ራሙ ከ3.5 ጊጋባይት በላይ የሆነ ኮምፒውተር ላይ አብዛኞቹ ሰርቪሶች ለየብቻቸው ኤስቪሲሆስት ይይዛሉ። እውነተኛው ግን ከሲ ድራይቭ፣ ዊንዶውስ፣ ሲስተም32 ውስጥ ነው የሚነሣው፤ አልፎ አልፎ ደግሞ ሲስዋው64 ከሚባለው ፎልደር። ከሌላ ቦታ የተነሣ ኤስቪሲሆስት ካያችሁ ጥርጣሬያችሁ ከባድ መሠረት አግኝቷል። ሌሎቹ የዊንዶውስ ዋና ፕሮሰሶች ኤልሳስ፣ ሰርቪስስ፣ ሲኤስአርኤስኤስ እና ዊንሎጎንም ቤታቸው ሲስተም32 ነው። ኤክስፕሎረር ግን በቀጥታ ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ነው፤ ሲስተም32 ውስጥ የተቀመጠ ኤክስፕሎረር እንግዳ ነው።

ፊደሉንም በደንብ እዩ። በኦ ፊደል ቦታ ዜሮ ማስገባት፣ ቪ እና ሲን ማዘዋወር፣ ኤልሳስ ሲጻፍ በትንሹ ኤል ምትክ ትልቁን አይ መተካት የቆዩ ዘዴዎች ናቸው፤ የመጨረሻው በብዙ ፎንት ላይ በዓይን አይለይም። ስሙን ኮፒ አድርጋችሁ ኖትፓድ ላይ ለጥፉና ፎንቱን ወደ ኮንሶላስ ቀይሩት፤ ልዩነቱ ይወጣል።

ከዊንዶውስ ፎልደር ውጪ ያለው ሁሉ ግን አይወገዝም። አፕዳታ (በየተጠቃሚው ስም ሥር ያለ የፕሮግራሞች ፎልደር) ውስጥ ያለ ፕሮግራም ሁሉ ቫይረስ ነው የሚል ምክር ትሰማላችሁ፤ ስህተት ነው። ቴሌግራም ዴስክቶፕ፣ ዲስኮርድ እና ሌሎች ብዙ ፕሮግራሞች የአድሚን ፈቃድ ሳይጠይቁ ለመጫን ሲሉ እዚያው ይቀመጣሉ። ዲፌንደር ራሱ የሚሠራው ፕሮግራምዳታ ውስጥ ካለ ፎልደር ነው። የሚያጠራጥሩት እነዚህ ናቸው፦ አፕዳታ ውስጥ ያለ ሆኖ የፎልደሩ ስም ትርጉም የሌለው የፊደላት ድርድር የሆነ፤ ዩዘርስ ውስጥ ካለው ፐብሊክ የሚነሣ፤ ሪሳይክል ቢን ውስጥ ያለ። ቴምፕ (የጊዜያዊ ፋይሎች ፎልደር) ውስጥ ያለ ፕሮሰስ ደግሞ በጊዜ ይፈረጃል። ኢንስቶለሮች እዚያ ተዘርግተው ለጥቂት ደቂቃ መሥራታቸው የተለመደ ነው፤ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲበራ እንደገና ከቴምፕ የተነሣ ግን ኢንስቶለር አይደለም።

ፎልደሩን ለመክፈት ራይት ክሊክ አድርጋችሁ «ኦፕን ፋይል ሎኬሽን» በሉ። ፋይሉ መቼ እንደተፈጠረ አንብቡ፤ የዚያኑ ቀን ምን እንዳወረዳችሁ ካስታወሳችሁ ግማሹ መልስ ተገኘ ማለት ነው። ክራክ ወይም አክቲቬተር ከሆነ በተለይ።

ማን አስነሣው?

ታስክ ማናጀር የፕሮሰስን ወላጅ አያሳይም። ለዚህ የማይክሮሶፍት የራሱ የሆነውን ፕሮሰስ ኤክስፕሎረርን ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ ብቻ አውርዱ፤ ሲስኢንተርናልስ ከሚባለው የመሣሪያ ስብስብ አንዱ ነው፣ በነጻ ነው፣ መጫንም አያስፈልገውም። በአድሚን መብት ክፈቱት፤ ያለዚያ የግማሹን ፕሮሰስ መረጃ ባዶ ያሳያችኋል። በግራ በኩል ፕሮሰሶቹ እንደ ዘር ሐረግ ወላጅና ልጅ ሆነው ይዘረዘራሉ።

ማወቅ ያለባችሁ ዝምድና ጥቂት ነው። ኤስቪሲሆስትን የሚወልደው ሰርቪስስ ነው። ሰርቪስስንና ኤልሳስን የሚወልደው ዊንኢኒት ነው፤ ሁለቱም አንድ አንድ ብቻ ናቸው። ሲኤስአርኤስኤስ ቢያንስ ሁለት ይሆናል፣ ያ ትክክል ነው። ኤክስፕሎረር ወላጅ የሌለው ሆኖ ይታያል፤ ያስነሣው ፕሮግራም ሥራውን ጨርሶ ስለሚዘጋ እንጂ ችግር ኖሮበት አይደለም። እናንተ ጠቅ አድርጋችሁ የከፈታችኋቸው ፕሮግራሞች በአብዛኛው የኤክስፕሎረር ልጆች ናቸው።

ይህን ይዛችሁ ስታዩ ያልተገባው ዝምድና ራሱን ያጋልጣል። ኤስቪሲሆስት ከኤክስፕሎረር ሥር ከተገኘ አንድ ሰው ወይም አንድ ፕሮግራም እንደ ተራ ፋይል ከፍቶታል ማለት ነው። ዎርድ ወይም ኤክሴል ፓወርሼልን (የዊንዶውስን የትእዛዝ መጻፊያ) ከወለደ ደግሞ በኢሜይል የመጣ ማክሮ (ሰነድ ውስጥ የሚቀመጥ ትንሽ ፕሮግራም) ያለበት ሰነድ መከፈቱን ጠርጥሩ። ወላጅን አስመስሎ ማሳየት የሚችሉ ማልዌሮች አሉ፤ የተስተካከለ ዝምድና ነጻ አያወጣም፣ የተዛባ ዝምድና ግን ብዙ ይናገራል።

በምን ትእዛዝ?

የዛሬ ማልዌር ብዙ ጊዜ የራሱን ፋይል ይዞ አይሮጥም፤ የዊንዶውስን ፋይል ነው የሚያሠራው። ፓወርሼል፣ ኤምኤስኤችቲኤ፣ ደብሊውስክሪፕት፣ ሬግኤስቪአር32 እና ረንዲኤልኤል32 ሁሉም የማይክሮሶፍት ናቸው፣ ፊርማቸው ትክክል ነው፣ ቦታቸውም ሲስተም32 ነው። እስካሁን ያለው ፍተሻ ሁሉ ንጹሕ ናቸው ይላል። የሚያጋልጣቸው «ኮማንድ ላይን» የሚለው ዓምድ ነው።

ፓወርሼል ላይ «ኢንኮደድኮማንድ» ወይም አጭሩ «ኢኤንሲ»፣ ከኋላውም ረጅም የማይነበብ የፊደል ሰንሰለት፣ ከጎኑም «ሂድን» የሚል ካያችሁ አንድ ሰው ትእዛዙንም መስኮቱንም እየደበቀ ነው። አንዳንድ የድርጅት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌሮች ይህን ያደርጋሉ፤ የግል ላፕቶፕ ላይ ግን ምክንያት የለውም። ኤምኤስኤችቲኤ ቀጥሎ የድረ ገጽ አድራሻ ካለው አጥብቃችሁ ጠርጥሩ። ረንዲኤልኤል32 ሌላ ፋይል እንዲያስነሣ የተሠራ ነው፤ የሚያስነሣው ፋይል ሳይጻፍ ባዶውን የሚሮጥ ከሆነ፣ ወይም የሚያስነሣው ፋይል ቴምፕ ውስጥ ከሆነ፣ መርምሩት። እውነተኛ ኤስቪሲሆስት ደግሞ ከኋላው ሰረዝና «ኬ» የተባለ ፊደል፣ ቀጥሎም የሰርቪስ ቡድን ስም ይኖረዋል፤ ትእዛዙ ባዶ የሆነ ኤስቪሲሆስት ሌላ ኮድ በውስጡ ተተክቶበት ሊሆን ይችላል።

ፊርማው

ፕሮሰስ ኤክስፕሎረር ላይ «ኦፕሽንስ» ውስጥ ገብታችሁ «ቬሪፋይ ኢሜጅ ሲግኔቸርስ» የሚለውን አብሩ። በእያንዳንዱ ስም ጎን «ቬሪፋይድ» እና የፈራሚው ስም ይመጣል። ፋይሉን ራይት ክሊክ አድርጎ «ፕሮፐርቲስ» ውስጥ «ዲጂታል ሲግኔቸርስ»ን መፈለግም ይቻላል፣ ግን ያሳስታል፦ ብዙ የዊንዶውስ ፋይሎች የተፈረሙት ለብቻው በተቀመጠ ካታሎግ ስለሆነ ያ ገጽ አይታይባቸውም። ፕሮሰስ ኤክስፕሎረር ካታሎጉንም ስለሚያይ እሱን እመኑ።

ፕሮፐርቲስ ውስጥ «ኮፒራይት ማይክሮሶፍት» ተብሎ መጻፉ ፊርማ አይደለም፤ ማንም የሚጽፈው ጽሑፍ ነው። ማይክሮሶፍት ነኝ እያለ ፊርማ የሌለው ፋይል፣ ምንም ካልጻፈው ይልቅ ያጠራጥራል። በሌላ በኩል ፊርማ የሌለው ሁሉ አደገኛ አይደለም፤ ግለሰቦች የሚሠሯቸው ትንንሽ ነጻ ፕሮግራሞች ለሰርቲፊኬት ስለማይከፍሉ ሳይፈረሙ ይወጣሉ።

ትክክለኛ ፊርማም ቢሆን የመጨረሻ ዋስትና አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2010 የታወቀው ስተክስኔት የተባለ ማልዌር ሪልቴክና ጄማይክሮን ከተባሉ የሃርድዌር ኩባንያዎች በተሰረቁ ሰርቲፊኬቶች ተፈርሞ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ሲክሊነር የተባለው የኮምፒውተር ማጽጃ ፕሮግራም 5.33 እትም ከነሕጋዊ ፊርማው ማልዌር ይዞ ተሰራጭቷል።

ቫይረስቶታል ላይ ማየት

ፕሮሰስ ኤክስፕሎረር ላይ «ኦፕሽንስ» ውስጥ ቫይረስቶታል (ፋይልን በብዙ አንቲቫይረስ በአንዴ የሚፈትሽ ድረ ገጽ) የሚለውን ብታበሩት የየፕሮሰሱን ሃሽ (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ፣ እንደ አሻራ ያለ መለያ) ብቻ ልኮ ውጤቱን በክፍልፋይ ያሳያችኋል፤ «0/72» ማለት ከ72 አንቲቫይረስ አንድም አልከሰሰውም። በእጅ ማየት ከፈለጋችሁ ፓወርሼል ከፍታችሁ በጌት-ፋይልሃሽ ትእዛዝ የፋይሉን ሻ256 የተባለ ሃሽ አውጡ። የሚወጣው 64 ሆሄና ቁጥር ነው፤ እሱን ቫይረስቶታል መፈለጊያ ላይ ለጥፉ። ፋይሉን ራሱን ከመስቀል ይህ ይሻላል፣ ምክንያቱም ወደዚያ የተሰቀለ ፋይል ለሌሎች የደኅንነት ድርጅቶችና ተመዝጋቢዎች ይደርሳል። የግል ወይም የመሥሪያ ቤት ሰነድ አትስቀሉ።

ቁጥሩን ማንበብ ልምድ ይጠይቃል። አርባ አንቲቫይረስ ከከሰሰው ክርክር የለም። አንድ ወይም ሁለት ብቻ፣ ያውም ስማቸው የማይታወቅ፣ «ጄነሪክ» ወይም «ሂዩሪስቲክ» ብለው በግምት ከከሰሱት የሐሰት ክስ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ዋናው ማሳሳቻ ዜሮው ነው። «ዲቴይልስ» ገጽ ላይ ፋይሉ መጀመሪያ የታየበትን ቀን እዩ፤ ከዓመታት በፊት የታየና ዛሬም ዜሮ የሆነ ፋይል ያረጋጋል፤ ትናንት መጀመሪያ የታየና ዜሮ የሆነ ግን ገና ማንም አልመረመረውም። የዊንዶውስ ፋይል ነኝ እያለ ቫይረስቶታል ጭራሽ የማያውቀው ፋይልም እንዲሁ ያጠራጥራል፤ በሚሊዮን ኮምፒውተር ላይ ያለ ፋይል እንዴት ለእናንተ ብቻ ታየ?

ግንኙነቱን ለማየት ሪሶርስ ሞኒተርን ክፈቱ፣ «ኔትወርክ» ውስጥ «ቲሲፒ ኮኔክሽንስ» የሚለውን ዘርግታችሁ የፕሮሰሱን መለያ ቁጥር ፈልጉ። 127.0.0.1 ራሱ ኮምፒውተሩ ነው፣ ተዉት። ፖርት (የግንኙነት በር ቁጥር) 443 ሁሉም ስለሚጠቀምበት ብዙ አይናገርም። 3333 ግን ማይነሮች አዘውትረው የሚጠቀሙበት ፖርት ነው፤ ከፍ ካለ የሲፒዩ ጊዜ ጋር ከመጣ ምልክቱ ጠንካራ ነው።

ምን ይቀሰቅሰዋል?

ከዚያው የሲስኢንተርናልስ ስብስብ አውቶራንስ የሚባለውን አውርዱና በአድሚን ክፈቱት። ዝርዝሩ በሺህ የሚቆጠር ስለሆነ «ሃይድ ማይክሮሶፍት ኢንትሪስ»ን አብሩ፤ ፊርማ ማረጋገጫውንም ቀስቅሱት። ብዙ ማልዌር የሚደበቀው ሬጂስትሪ (የዊንዶውስ ቅንብሮች ማኅደር) ውስጥ ያለው «ረን»፣ «ስኬጁልድ ታስክስ» (ቀጠሮ ተይዞላቸው የሚነሡ ሥራዎች) እና «ሰርቪስስ» ውስጥ ነው፤ አልፎ አልፎ «ደብሊውኤምአይ» በሚባለው የዊንዶውስ ማስተዳደሪያ ውስጥ። ስኬጁልድ ታስክስ ላይ አተኩሩ። ስሙ የታወቀ ፕሮግራም አፕዴት ይመስላል፣ የሚያስነሣው ግን አፕዳታ ውስጥ ያለ ስክሪፕት ይሆናል። እዚህ ማይክሮሶፍትን ስትደብቁ በፓወርሼል የሚነሡ ነገሮች አብረው እንዳይደበቁባችሁ አንዴ ሳትደብቁም እለፉበት።

ሌላም የማይዘለል ቦታ አለ፦ ዊንዶውስ ሴኩሪቲ ውስጥ «ኤክስክሉዥንስ»። ማልዌር የራሱን ፎልደር «አትፈትሽ» ከሚለው ዝርዝር ውስጥ ያስገባል። እናንተ ያላስገባችሁት ፎልደር፣ ይባስ ብሎ ሲ ድራይቭ በሙሉ እዚያ ካለ፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ የገባ አለ ብላችሁ ተነሡ።

ማልዌር ነው ካላችሁ

መጀመሪያ ኢንተርኔቱን ቁረጡ። ከዚያ ፕሮሰሱን አትግደሉት፤ ፕሮሰስ ኤክስፕሎረር ላይ «ሰስፔንድ» አድርጉት። ብዙ ማልዌር ሁለት ሆኖ ይሮጣል፣ አንዱ ሲሞት ሌላው ያስነሣዋል፤ ሰስፔንድ የተደረገ ግን እንዳልሞተ ስለሚቆጠር ጓደኛው አይነቃም። ሁሉንም ካቆማችሁ በኋላ አውቶራንስ ላይ ከቀስቃሾቻቸው ጎን ያለውን ምልክት አጥፉ፣ ከዚያ ግደሉ። ሲኤስአርኤስኤስን ወይም ዊንኢኒትን እንዳትነኩ፤ እውነተኛዎቹን መግደል ሰማያዊ ስክሪን ያመጣል። ኤክስክሉዥኑን አጥፍታችሁ ዲፌንደር ኦፍላይን ስካን አስነሡ፤ ሪስታርት አድርጎ ዊንዶውስ ሳይነሣ ስለሚፈትሽ የሚደበቀው ፋይል መሮጥ አይችልም፣ 15 ደቂቃ ያህል ይወስዳል።

ሊኑክስ ላይ ከሆናችሁ ፕሮክ በሚባለው ፎልደር ውስጥ በመለያ ቁጥሩ የተሰየመውን ፎልደር ክፈቱና «ኢኤክስኢ» የሚለው ወዴት እንደሚያመለክት እዩ፤ ወደ ቴምፕ ካመለከተ ወይም ፋይሉ ተሰርዟል ካለ መርምሩት። በካሬ ቅንፍ የተጻፉት እውነተኛ የከርነል (የሥርዓቱ እምብርት) ፕሮሰሶች ወላጃቸው ቁጥር 2 ነው፣ ፋይልም የላቸውም። ኬዴቭቲኤምፒኤፍኤስ የከርነል ነው፤ መጨረሻው ላይ አንድ አይ የተጨመረበት ግን የታወቀ ማይነር ነው። ማክ ላይ አክቲቪቲ ሞኒተር፣ ቀስቃሽ ለማየት ደግሞ ላይብረሪ ውስጥ ያሉት ሎንችኤጀንትስ እና ሎንችዴመንስ ፎልደሮች ይበቃሉ።

የይለፍ ቃላችሁን ከዚያው ኮምፒውተር ላይ አትቀይሩ፤ ከሌላ ንጹሕ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ቀይሩ። ብዙ የመረጃ ሌቦች የሚሰርቁት ፓስዎርድን ብቻ ሳይሆን ብራውዘሩ ውስጥ ያለውን የገባችሁበትን ሴሽን (ያለ ፓስዎርድ አካውንቱን ክፍት የሚያቆየውን ምልክት) ጭምር ስለሆነ፣ በየአካውንቱ «ከሁሉም መሣሪያ ውጣ» የሚለውን ተጫኑ። ማልዌሩ የአድሚን መብት እንደነበረው ካወቃችሁ ወይም ካጸዳችሁ በኋላ አንድም ነገር ከተመለሰ፣ ማሳደዱን ትታችሁ ዊንዶውስን ከዩኤስቢ አዲስ ጫኑ። ከአሮጌው ይዛችሁ የምትሻገሩት ፎቶና ሰነድ ብቻ ይሁን፤ ኢንስቶለሮችን፣ ስክሪፕቶችንና ክራኮችን እዚያው ተዉ። የፋይል መጨረሻ ቅጥያን ማሳየት አብሩና ፎቶ መስሎ መጨረሻው «ኢኤክስኢ» የሆነ ፋይል አብሮ አለመሻገሩን እዩ።